የአፈርን ሙቀት ለምትለኪ ልጄ

አፈር ቤተ ሙከራ ገብተሽ ሙቀት ከሚለካው ካሎሪሜትር ጋር ልትሠሪ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኛል። እኔ የምልሽን ያዢ፤ የመሣሪያውን አጠቃቀም መመሪያው ራሱ ይነግርሻል።

1. በመጀመሪያ የምትፈልጊው ሙቀት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ይግባሽ። በአፈር ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች የሞተ ሥርና ቅጠል ሲመገቡ ከምግቡ ጉልበት ከፊሉን ሰውነታቸውን ይገነቡበታል፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። የፍግ ክምር ጠዋት ጠዋት የሚጤሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ክምሩ ግን ምግቡ የበዛ ነው፣ ሙቀቱንም ራሱ አቅፎ ያቆየዋል። የማሳ አፈር እንዲያ አይደለም። በሰዓት 1 ማይክሮግራም ካርቦን የሚተነፍስ አንድ ግራም አፈር የሚያወጣው ሙቀት ወደ 11 ማይክሮዋት ነው። ከዚያ ላይ ምንም ሳያመልጥ ቢጠራቀም እንኳ አፈሩ በሰዓት የሚሞቀው ከአንድ ዲግሪ ሁለት መቶኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ መሣሪያሽ የሚከታተለው የአፈሩን የሙቀት መጠን ሳይሆን፣ አፈሩ ካለበት ብልቃጥ ወጥቶ ሙቀቱ ሳይለዋወጥ ወደሚጠበቀው ብረት የሚፈሰውን ነው።

2. ከናሙናው ጎን የሚቀመጠውን ሁለተኛ ብልቃጥ አትናቂው። ሕይወት የሌለበት፣ ሙቀት የመያዝ አቅሙ ግን ከናሙናሽ የተቀራረበ ነገር አድርጊበት። ክፍሉ ሲበርድና ሲሞቅ ሁለቱ እኩል ይናወጣሉ፤ መሣሪያው የሚመዘግበው ልዩነታቸውን ብቻ ነው።

3. ሙቀት ከማን እንደመጣ አይናገርም። ከሁሉ በላይ አደራ የምልሽ ይህንን ነው። በተለይ መረሬ አፈር ስትይዢ ተጠንቀቂ። በኦቭን የደረቀ መረሬ ውኃ ሲነካው፣ አንድም ነፍስ ያለው ነገር ሳይነቃነቅ፣ ከሸክላው ጋር ውኃው በመጣበቁ ብቻ በግራም በአስር የሚቆጠር ጁል ሊያወጣ ይችላል። ሕያዋኑ በሰዓት የሚያወጡት ግን ከአንድ ጁል አራት መቶኛ ያህል ነው። በዚያ ላይ ደግሞ እውነተኛው የሕይወት ግርግር ይጨመራል። ኤች. ኤፍ. በርች የተባለ ተመራማሪ ኬንያ ውስጥ ሙጉጋ ላይ ሲሠራ፣ ደርቆ የከረመ አፈር ሲርስ ብስባሹ ባንዴ በፍጥነት እንደሚፈርስና ናይትሮጅን እንደሚለቅ እ.ኤ.አ. በ1958 አሳትሞ አሳይቷል። የበጋ ደረቅ ማሳችን የመጀመሪያውን ዝናብ ሲያገኝ የሚሆነው ይኸው ነው። ስለዚህ አንቺ ደረቅ አፈር አርጥበሽ ወዲያው ብትለኪ ሁለቱ ሙቀቶች ተደራርበው ይመጡብሻል። መደበኛ ልኬት ከሆነ አፈሩን በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ነፍተሽ፣ አርጥበሽ፣ ሳምንት ያህል አሳድሪው። ጥያቄሽ ራሱ ስለ መርጠቡ ከሆነ ግን ያንኑ አፈር በአውቶክሌቭ ገድለሽ እኩል ውኃ ጨምሪበትና ጎን ለጎን ለኪ፤ ከሕያው አፈሩ ሙቀት ላይ የሙቱን ቀንሺ።

ብልቃጡ በደንብ ይዘጋ። ውኃ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ትንሽ ክፍተት እንኳ ሕያው አፈርን የሞተ ያስመስለዋል።

4. መመሪያውን የጻፉት ሰዎች ያንቺን ከፍታ ላያስቡት ይችላሉ፤ አንቺ አዲስ አበባ ነሽ። 20 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ብልቃጥ 5 ግራም አፈር ስታስገቢ 17 ሚሊ ሊትር ያህል አየር ይቀራል፤ ከዚያ ውስጥ ኦክስጅኑ 3.5 ገደማ ነው። ሕያዋኑን ለመመገብ 10 ሚሊ ግራም ግሉኮስ ብትጨምሪ ሙሉ በሙሉ ለማቃጠል 8 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይፈልጋል። ከስኳሩ ግማሹ ወደ ሕያዋኑ አካል ቢገባ እንኳ አይበቃም። ይህ በባሕር ጠለል ሒሳብ ነው። በእኛ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ብልቃጥሽ የሚይዘው ኦክስጅን በሩብ ገደማ ያንሳል። ኦክስጅን ሲያልቅ የሙቀቱ መስመር ቁልቁል ይወርዳል፣ ያን አይቶ «ምግቡ አለቀ» የሚል ሰው ብዙ ነው። አፈሩን ወይም ስኳሩን ቀንሺ።

5. ግሉኮስ ሲጨመር በመስመሩ ላይ የሚታየው ጫፍ ያምራል፤ የሕያዋኑን ማደግ፣ የሚዘገዩበትን ሰዓት ያሳያል። ለእኔ ግን የሚበልጥብኝ ምንም ሳይጨመርበት ለቀናት የተለካ አፈር ነው። ጫፉ የሚነግርሽ ቢመገቡ የሚያደርጉትን ነው። የገበሬው ማሳ ላይ ስኳር የሚጨምር የለም። ዝቅ ያለው ረጅም መስመር አሰልቺ ቢመስልሽም ዘርዝረሽ አቅርቢው።

6. ከሙቀቱ ጋር ካርቦን ዳይኦክሳይዱንም ለኪ። ሳይንቲስቶቹ ላቮይዚየና ላፕላስ እ.ኤ.አ. በ1783 ባቀረቡት ሥራ አንዲት ትንሽ እንስሳ የምታቀልጠውን በረዶና የምትተነፍሰውን ጋዝ ለክተው አነጻጽረው ነበር፤ ከዚያ የተሻለ መንገድ አላየሁም። አፈሩ ስኳር መሰል ምግብ በኦክስጅን ሲያቃጥል ለአንድ ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ 470 ኪሎጁል ገደማ ይወጣል። ቁጥሩ በጣም ካነሰ ወይ አየር አጥቶ እየቦካ፣ ወይ ጋዙ ከሕይወት ያልመጣ ሊሆን ይችላል። አሲዳማ ማሳ ላይ ኖራ ድንጋይ ተፈጭቶ በተበተነ ሰሞን ጋዙ ከኖራው ራሱ ይወጣል። በተቃራኒው አልካላይን በሆኑ የስምጥ ሸለቆ አፈሮች ጋዙ በአፈሩ ውኃ ሟሙቶ ይቀርና ቁጥሩ ከልክ ያልፋል። እንዲህ ያለ አፈር ሲገጥምሽ ሙቀቱን ተማምነሽ ጻፊ፣ የጋዙን ቁጥር ግን ከነማስጠንቀቂያው አስቀምጪ።