የዐመድ ጠባይ ባለው የጕድጓድ ውኃ አታክልት ስለ ማጠጣት

በበጋ ወራት ምንጭ ሲደርቅ ባላገሩ ለጎመኑና ለሽንኩርቱ የጕድጓድ ውኃ ይቀዳል። ሥራው የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ውኃው እንደ ዐመድ ያለ ጠባይ፥ ይኸውም አልካሊ የሚባለው፥ ሲኖርበት አታክልቱን ይጐዳል፤ ባሰም ጊዜ መሬቱን ያበላሻል። ስለዚህ ሹሙ አስቀድሞ የውኃውን ዐይነት መለየት ይገባዋል።

ዐይነቱም ኹለት ነው። የኖራ ውኃ ሳሙና በቶሎ አረፋ አያወጣበትም፤ በሻይ ማፍያም ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። የሶዳ ውኃ ግን ለእጅ ይሙለጨለጫል፤ ሳሙናም ፈጥኖ ያረፋበታል።

በታች ጋይንት የሚገኘው የአርብ ገበያ አገር ከጥንት እሳተ ገሞራ በፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ነው። እንዲህ ካለው ድንጋይ የሚወጣ ውኃ ብዙውን ጊዜ ኖራ ያለበት ነው። የሶዳ ውኃ የሚበዛው በስምጥ ሸለቆ ነው፤ ከአብያታ ሐይቅ ሶዳ መመረቱ ይታወቃል። ቢሆንም የአንዱ ጕድጓድ ጠባይ ለሌላው ምስክር አይሆንም።

የኖራ ውኃ በቅጠል ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል፤ ተክሉም ከዐፈሩ ብረት እንዳያገኝ ስለሚከለክለው አዲሱ ቅጠል ደም ሥሩ አረንጓዴ ሳለ መካከሉ ቢጫ ይሆናል። ለዚህ ፍግና ብስባሽ ማብዛት፥ ውኃውንም በቅጠል ላይ ሳይሆን በሥሩ ማፍሰስ ይረዳል።

የሶዳ ውኃ ጉዳት ግን ከባድ ነው። በውስጡ ያለው ሶዲየም የዐፈሩን ካልሲየም አስለቅቆ በቦታው ይገባል፤ ዐፈሩም ይበተንና ቀዳዳው ይደፈናል። ውኃ ሳይሰርግ ይተኛበታል፥ ሲደርቅም እንደ ጡብ ይጠነክራል። በዋልካ መሬት ይህ ይብሳል። በአዋሽ ሸለቆ በአሚባራ፥ ትርፍ ውኃ መውጫ በማጣቱ የከርሰ ምድሩ ውኃ ከፍ ብሎ ብዙ የመስኖ መሬት በጨውና በሶዲየም ተበላሽቷል።

ስለዚህ የሚከተለው ይፈጸም፤

1ኛ፤ ጠርሙስ በጕድጓዱ ውኃ 3 ጊዜ ታጥቦ እስከ አፉ ይሞላ፤ የቦታው ስምና ቀኑ ተጽፎበት ወደ ምርመራ ቤት ይላክ።

2ኛ፤ የካርቦኔትና የባይካርቦኔቱ ድምር በ1 ሊትር ከካልሲየምና ከማግኒዥየሙ ድምር በ2.5 ሚሊኢክዊቫለንት ከበለጠ፥ ውኃው ለመስኖ አይሆንም፤ ብልጫው ከ1.25 ካነሰ አያሰጋም።

3ኛ፤ ዐመድ ራሱ አልካሊ ስለ ሆነ እንዲህ ያለ ውኃ በሚጠጣ ጓሮ አይደፋ።

4ኛ፤ በሶዲየም የተያዘ መሬት መጀመሪያ ፈሰስ ይቆፈርለት፤ ከዚያም ጀሶ ተቀላቅሎበት በክረምት ዝናም ይታጠብ። ጀሶ በዐባይ በረሓ በጎሐ ጽዮን አጠገብ ይገኛል።

የተበላሸን መሬት ማዳን ብዙ ዘመንና ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ አንድ ጠርሙስ ውኃ ማስመርመር ግን ለማንም ወረዳ አይከብድም።