ስለ እርጅናና ስለ ጡረታ

እርጅና ዕድሜ ለሰጠው ሁሉ የማይቀር ስለ ሆነ፤ ስለ እርሱ ያጠናሁትን በአጭሩ ለውድ አንባቢዎቼ አቀርባለሁ።

በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ ሕግ የወጣው በ1950ዎቹ ዓመታት ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የግል ድርጅት ሠራተኞችንም ጨመረ። ዛሬ ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 7፤ አሠሪው ከመቶ 11 ያዋጣል፤ የጡረታው ዕድሜም 60 ዓመት ነው።

ነገር ግን ደመወዝ የሌላቸው ገበሬና ሸማኔ ከዚህ ግዴታ ውጭ ናቸው። አያቴ ሸማኔ ናቸው። የእድር መዋጮ አጓድለው አያውቁም፤ እድሩ ግን የሚደርስላቸው ሲሞቱ ነው። ባለፈው ዓመት ዓይናቸው ፈዞ ክሩን መለየት ሲያቅታቸው፤ «እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል» ብለን ተውናቸው። አንድ ቀን ከሽመናው ጉድጓድ ሲወጡ ወድቀው እጃቸው ተሰበረ። ሐኪም ቤት ሲታዩ ዓይናቸውን የጋረደው ሞራ መሆኑ ታወቀ። ሞራ በአጭር ኦፕራሲዮን ይወገዳል፤ ሆኖም በ1998 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት በአገራችን ካሉት ዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉን ያሳወረው እርሱ ነው።

ዛሬ አያቴ ያያሉ፤ እጃቸው ግን መወርወሪያ አይጨብጥም።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፤ በቤታችሁ ያሉትን ሽማግሌና አሮጊት «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፏቸው። ወላጆቻችንም ሆይ፤ ለቀብር ከምታዋጡት ጥቂቱ በሕይወት ላሉት መታከሚያ እንዲሆን በእድራችሁ ጉባኤ ብትመክሩበት ምን ይመስላችኋል?