መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው

ልጄ፣ ከአገር ልትወጣ ማሰብህን ሰማሁ። አልከለክልህም፤ ሂድም አልልህም። እኔ በዋሽንግተን ዙሪያ ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ። ብዙ ልጆች ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብዬ፣ ብዙዎቹ ሲቀናቸው፣ ጥቂቶቹ ሲሰበሩ አይቻለሁ። የተሰበሩት ሰነፎች ሆነው አይደለም። ዋጋውን ሳይጠይቁ ተነሥተው ነው። አንተም ልብህ ቅን ነው፣ ግን ትቸኩላለህ። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥህ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘህ ቁጭ በልና የምልህን አንድ በአንድ አስብበት።

1. የምትሄድበትን ጉዳይ በአንድ መስመር ጻፈው። «ሁሉም እየሄደ ነው» ጉዳይ አይባልም። «እህቴን ላስተምር፣ የእናቴን ቤት ላድስ፣ የሙያ ፈቃድ ላውጣ» ጉዳይ ነው። ስንት ገንዘብ፣ ምን ትምህርት፣ እስከ መቼ የሚለውንም አብረህ አስፍር። ጉዳዩን ያልወሰነ ሰው መድረሱን አያውቅም። «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብለው ወጥተው፣ ቀኑ ሲደርስ «ትንሽ ልጨምር» እያሉ ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች አውቃለሁ። ሐሳብህን በኋላ ብትለውጥ ማንም አይወቅስህም፤ ለመለወጥ ግን መጀመሪያ ሐሳብ ሊኖርህ ይገባል።

2. ዓለምን ማየት ከሆነ ያማረህ፣ መኖሪያህን አትቀይር። ብዙ ወጣት ስደት የሚለው ነገር ሲመረመር የጉዞ ናፍቆት ሆኖ ይገኛል። ለዚህ ደግሞ ቅርብ መድኃኒት አለ። ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም፤ ከሞያሌ ናይሮቢ ድረስም አስፋልት ነው። አንድ ቦርሳ አንግትና ለጥቂት ሳምንት ውጣ። በማታውቀው ቋንቋ ምግብ ስታዝ፣ ገንዘብህ ሲመነምን፣ ሲያምህም አጠገብህ ሰው ሲጠፋ ምን ዓይነት ሰው እንደምትሆን ያኔ ታያለህ። ያቺ አጭር ጉዞ ናፍቆትህን ካስታገሰችልህ ብዙ ዕዳ አዳነችህ ማለት ነው። ካላስታገሰችልህም፣ ለትልቁ መንገድ ራስህን ትንሽ አውቀኸው ትነሣለህ።

3. ሕጋዊ መንገድ ከሌለህ ቅር። ይህን ስልህ ጨክኜብህ አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በሚባል ቦታ የአንድ ጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 የአገራችን ልጆች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ናቸው። ከኦቦክ ወደ የመን፣ ከመተማ አልፎ ወደ ሊቢያ የሚወስዱት መንገዶችም የዚያው ወንድሞች ናቸው። ደላላ «ስትደርስ ትከፍላለህ» ካለህ፣ ዕዳውን በቤተሰብህ አንገት ላይ እያሰረ መሆኑን እወቅ። መንገድ ላይ ያግቱህና ጩኸትህን በስልክ አሰምተው እናትህን ያለችበትን ቤት ያሸጧታል። እህትህ ደግሞ ወደ አረብ አገር ለሥራ ልትሄድ ካሰበች ይህን ንገራት፦ አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱንና የሥራ ፈቃዱን ወጪ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። ይህን ገንዘብ ከእሷ የሚጠይቅ ሰው ገና ከቤቷ ሳትወጣ እየዘረፋት ነው።

4. ዲቪ ደረሰኝ ብለህ ሥራህን አትልቀቅ። ስም መውጣትና ቪዛ መያዝ ለየቅል ናቸው። ሕጉ በዓመት የሚፈቅደው ቪዛ ቢበዛ 55,000 ሲሆን፣ ስማቸው የሚወጣው ግን ከዚያ ይበልጣሉ። የአሜሪካ የበጀት ዓመት ሴፕቴምበር 30 ሲዘጋ ቪዛው ያልተሰጠው ሰው ዕድሉ አብሮ ያልቅበታል። ደንቡም ከመንግሥት መንግሥት ይለዋወጣል። ስምህ የወጣ ቀን የሚመጣውንም ፈተና ልንገርህ፦ «ሙሉ ወጪህን እንችልልሃለን፣ ልጃችንን ሚስት አድርገህ አስገባት» የሚሉ ሰዎች በርህን ያንኳኳሉ። በሐሰት ጋብቻ ከተደረሰብህ የሚቀርብህ የዚያ ዓመት ቪዛ ብቻ አይሆንም፤ የአሜሪካ በር ለዕድሜ ልክህ ሊዘጋብህ ይችላል። ቪዛው ፓስፖርትህ ላይ እስኪታተም ድረስ ቤትም አትሽጥ፣ የሥራ መልቀቂያም አታስገባ።

5. ደመወዙን በብር አትመንዝረው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ስሌት ስንቱን ወጣት አእምሮውን እያሳተው ነው። እስቲ በዶላር እንቁጠረው። በሰዓት 18 ዶላር ቢከፍሉህ፣ በሳምንት 40 ሰዓት ብትሠራ፣ በወር 3,120 ዶላር ይሆናል። ከዚያ ላይ 7.65 በመቶው፣ 239 ዶላር ያህሉ፣ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ይቆረጣል። የፌዴራሉና የስቴቱ ግብር ይከተላል። በዋሽንግተን ዙሪያ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ብቻውን ከ1,500 ዶላር በላይ ይጠይቅሃል። ከዚያ የመኪና ኢንሹራንስ፣ ቤንዚን፣ ስልክ፣ የጤና ኢንሹራንስ፣ ምግብ። አዲስ የገባ ሰው ሁሉ ቤት ተጋርቶና ሁለት ሥራ ይዞ የሚጀምረው ለዚህ ነው። በብር የምትመነዝረው በወሩ መጨረሻ እጅህ ላይ የቀረችውን ብቻ ይሁን።

6. ሙያህን ይዘህ ሂድ፣ ወረቀቱንም አትርሳ። ትራንስክሪፕትህን ከሬጅስትራር በታሸገ ፖስታ አውጣ፣ ዲግሪህን፣ የሥራ ልምድህንና የልደት ካርድህን አረጋግጥ። ከሄድክ በኋላ አንዲት ማኅተም ለማስመታት ወንድምህን ወራት ታንከራትተዋለህ። ይህም ሆኖ ወረቀትህ ብቻውን አያበላህም። ሐኪሙ የአሜሪካኖቹን ፈተናዎች አልፎ ሬዚደንሲ እስኪያገኝ ዓመታት ይወስድበታል፤ ነርሷም ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርስነት ፈቃድ ፈተና ማለፍ አለባት። እስከዚያው ፓርኪንግ ትሠራለህ፣ አረጋውያን ትጦራለህ፣ ኡበር ትነዳለህ። ሥራ አያሳፍርም። ነገር ግን ወደ ትምህርት የምትመለስበትን ቀን ገና ከመጀመሪያው ቁረጥ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከሌላው ረከስ ያለ ነው፣ የማታም ያስተምራል። መሐንዲስ ሆኖ ገብቶ «ለጊዜው ነው» ባለው ሥራ ጡረታ የወጣ ጎረቤት ነበረኝ። የጎደለው ችሎታ አልነበረም፤ የቆረጠው ቀን ነበር።

7. የሚቀበልህን ሰው አትክበደው። ዘመድህ «ና» ሲልህ ከእንቅልፉና ከኪራዩ ቀንሶ ነው። ገና ሳትሄድ በግልጽ ተነጋገሩ፦ ስንት ወር እቆያለሁ? ለምግብ ምን አዋጣለሁ? ማን ወደ ሥራ ያደርሰኛል? በይሉኝታ ያልተነገረ ነገር በሦስተኛው ወር ኩርፊያ ይሆናል። እሱ ሌሊት ሠርቶ ጠዋት ሲተኛ ቴሌቪዥን አትክፈት፤ የበላህበትን ሳህን እጠብ፤ የመጀመሪያ ደመወዝህን ስትቀበል፣ ትንሽም ቢሆን፣ ለእሱ የምትሰጠው ነገር ከእጅህ ይውጣ። መንጃ ፈቃድህንም ቶሎ አውጣ፤ እዚያ አገር መንዳት የማይችል ሰው የሰው ጥገኛ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የተቀያየሙ ወንድማማቾች በልጆቻቸው ሠርግ እንኳ ሳይታረቁ አይቻለሁ።

8. ለቤተሰብህ እውነቱን ንገር፣ የምትልከውንም ወስን። በሰው መኪና ተደግፈህ የተነሣኸውን ፎቶ አትላክ። ያንን ፎቶ ያየ አጎት በማግስቱ የመኪና መግዣ ይጠይቅሃል፤ ብትከለክለው ጨካኝ ነህ፣ ብትልክለት ባዶህን ትቀራለህ። በወር ይህን ያህል እልካለሁ፣ ለሕመምና ለትምህርት ይህን እጨምራለሁ ብለህ ከመጀመሪያው አስታውቅ። የቀረውን ቆጥብ። ለሰው ሁሉ ደርሶ ለራሱ ያልደረሰ ሰው፣ ሲታመም የሚያስታምመውን የሚያጣው ብዙ ጊዜ እሱ ራሱ ነው።

9. ውክልና ስትሰጥ ዓይንህን ገልጠህ ስጥ። ስደተኛ ከላከው ገንዘብ ይልቅ የፈረመው ውክልና ያስለቀሰው ይበዛል። «መሸጥ፣ መለወጥ፣ በስጦታ ማስተላለፍ» የሚሉትን ቃላት ሳታነብ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደህ አትፈርም። ቤት እንዲያስተዳድርልህ ከሆነ የማስተዳደር ሥልጣን ብቻ ስጠው። ቤቱም በስምህ መመዝገቡን፣ ግብሩም በየዓመቱ መከፈሉን በሰነድ አረጋግጥ። ወንድምህን አትጠርጥረው እያልኩህ ነው፤ ወረቀቱ የጠራ ከሆነ የምትጠረጥርበት ምክንያት አይኖርህም። ዝምድናን የሚያፈርሰው ያልተጻፈ ነገር ነው።

10. በገንዘብ የማይቆጠረውን ዋጋ ቀድመህ እወቀው። አዲስ አበባ ሲነጋ ዋሽንግተን ገና ምሽት ነው፤ እናትህ ልታወራህ ስትፈልግ አንተ ሥራ ላይ ነህ። መርዶ እንዴት እንደሚመጣም ልንገርህ። ጎህ ሳይቀድ በር ይንኳኳል። ወደ ሥራ ሳትወጣ እንድትሰማ ብለው የመጡ ሰዎች ደጅህ ላይ ተደርድረው ታያለህ። አንደኛዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ይገባሃል። ጥገኝነት ጠይቀህ ውሳኔ የምትጠብቅ ከሆንክ ደግሞ ለመቅበር ብለህ ብትወጣ ጉዳይህ ሊበላሽ ይችላልና፣ ልቅሶህን እዚያው ተቀምጠህ ታለቅሳለህ። ለዚህ ነው በደረስክ በመጀመሪያው ዓመት እድር ግባ የምልህ። ቤተ ክርስቲያንህን ወይም መስጊድህንም ፈልግ። ወላጆችህ በዕድሜ የገፉ ከሆኑ፣ ሳትሄድ አብረሃቸው ሰንብት፤ ፎቶ አንሣ፣ ታሪካቸውን ጠይቅ፣ ምርቃታቸውን ተቀበል።

11. ጥቅሙንም አታሳንሰው። የስደትን ክፋት ብቻ የሚነግርህ ሰው ግማሹን ደብቆሃል። በሠራህበት ሰዓት ልክ ይከፈልሃል፤ ትርፍ ሰዓትህም ይቆጠራል። በአርባ ዓመትህ አዲስ ሙያ ልማር ብትል የሚስቅብህ የለም። አንዲት ሴት ቀን የሆቴል ክፍል እያጸዳች፣ ማታ እየተማረች ነርስ ሆና፣ አራት ታናናሾቿን እዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ ስታስገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚህ በላይ ምን ጽድቅ አለ? ከሌላ አገር ሰው ጋር ጎን ለጎን ስትሠራም የራስህን አገር በሌላ ዓይን ማየት ትጀምራለህ፤ እዚህ ሳለህ የናቅኸውን ታከብራለህ፣ እንደ ደንብ የተቀበልከውንም ግፍ ግፍ ብለህ ትጠራዋለህ። ዋጋውን አውቆ ለከፈለ ሰው ስደት የሚመልሰው ብዙ ነው።

12. የመመለሻ በርህን ክፍት አድርገህ ተው። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም፤ የሌላ አገር ዜግነት የወሰድክ ቀን የዚህችን ታጣለህ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የሚሉት፣ ያለ ቪዛ ለመግባት፣ ለመኖርና ለመሥራት ያስችልሃል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አያስችልህም። ይህን አውቀህ ወስን። እዚህ የቀሩ ጓደኞችህንም በዓል ሲመጣ ብቻ አትደውልላቸው። ተመልሰው ሥራ ሲጀምሩ የቀናቸው ሰዎች፣ ገንዘብ ካጠራቀሙት ይልቅ ሰው ያልጣሉት ናቸው።

ልጄ፣ ይህን ሁሉ ካሰላህ በኋላ ሚዛኑ «ቅር» ካለህ፣ አንገትህን አትድፋ፤ አስቦ መቅረት ፍርሃት አይባልም። «ሂድ» ካለህም ሂድ፣ ወዲያና ወዲህ አትበል። ነገር ግን አደራዬ ይህ ነው፦ ጉዳይህን የጻፍክባትን ወረቀት ፓስፖርትህ ውስጥ አድርጋት፤ በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ አውጥተህ አንብባት፣ የደረስክበትንም ከሥሯ ጻፍ። ሁለት ዓመት ተከታትሎ የምትጽፈው ካጣህ፣ መንገድህን ለመቀየር ሦስተኛውን አትጠብቅ። እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናው።