ቁጥርን ይዞ ኔትወርክ ስለመቀየር

“ቁጥሬን ሳልለቅ ኔትወርክ መቀየር እችላለሁ ወይ?” ሐይቅ ከተማ ላይ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱ ግን ቀስ ተብሎ የሚኬድበት ነው። እንደ ክፍል ውስጥ ከመጀመሪያው እንነሣ፤ ያልገባው እጁን ያውጣ።

መጀመሪያ ቁጥሩን ራሱን እንየው። የሞባይል ቁጥር ከውጭ አገር ሲደወል የፊተኛዋ 0 ትወድቅና በቦታዋ 251 ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ዘጠኝ አኃዞች ናቸው እናንተን የሚለዩት። ከዘጠኙ የመጀመሪያው የኩባንያው ምልክት ነው፤ 9 ከሆነ ኢትዮ ቴሌኮም፣ 7 ከሆነ ሳፋሪኮም። የደሴና የሐይቅ የቤት ስልክ 033 ብሎ ሲጀምር ቦታን እንደሚነግረን ሁሉ፣ ይኼኛው ኩባንያን ይነግረናል።

ለብዙ ዓመት ይህ ምልክት የሚነግረን አዲስ ነገር አልነበረም፤ ኩባንያው አንድ ብቻ ነበርና። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ ለውድድርም በር ከፈተ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝቶ በነሐሴ 2014 ድሬዳዋ ላይ ሙከራ ጀመረ፤ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ያኔ ወደ አዲሱ ኩባንያ የገባ ሁሉ አዲስ የ07 ቁጥር ወሰደ፤ የ09 ቁጥሩን ይዞ የተሻገረ አልነበረም። የጥያቄው ምንጭ ይኸው ነው።

ልብ በሉ፦ ቁጥሮችን ለኩባንያዎች የሚያድለውና የሚቆጣጠረው ባለሥልጣኑ ነው። ኩባንያው የተሰጠውን ድርሻ ለደንበኛ ያከፋፍላል እንጂ የቁጥሩ ባለቤት አይደለም። ቁጥር ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው ሊዛወር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህን ጉዳይ መስመር ማስያዝም ከባለሥልጣኑ የቤት ሥራዎች አንዱ ነው።

“ቁጥር ቢቀየርስ ምን ቸገረ? አዲሱን መንገር ነው” የሚል ይኖራል። ለአዲስ አበባ ሰው ምናልባት እውነት ነው። እኛ ዘንድ ግን ሌላ ነው። ከተሁለደሬ፣ ከአምባሰል፣ ከወረባቦ ወደ ጅዳ፣ ወደ ሪያድ፣ ወደ ዱባይ የሄዱ ልጆች ስንት ናቸው? አሠሪዋ ስልኳን የነጠቀቻት ልጅ ከሰው ቀፎ ላይ የምትደውለው በቃሏ ወደያዘችው አንድ ቁጥር ነው፤ ወደ አባቷ ወይም ወደ እናቷ ቁጥር። ያ ቁጥር ከተዘጋ አዲሱን ማን ይነግራታል? በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ሐይቅ ሲደርስ መስመር ተቋርጦ እንደነበር አትረሱም። መስመሩ ሲመለስ ሰው ዘመዱን ያገኘው በዚያው በድሮው ቁጥር ነው። ስለዚህ “ቁጥሬን አልለቅም” የሚሉትን ሽማግሌ እንደ ግትር የሚያይ ወጣት ተሳስቷል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ቁጥርን ይዞ መሄድ በተለመደባቸው ብዙ አገሮች ነገሩ የሚሠራው ተማሪ ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላ እንደሚዛወረው ነው። ተማሪው ስሙን ይዞ ይሄዳል፤ ወንበሩን ግን አይወስድም። የሚቀበለው ትምህርት ቤት ከለቀቀው ትምህርት ቤት መሸኛ ይጠይቃል፤ የለቀቀውም ያልመለሰው መጽሐፍ ካለ መሸኛውን ይይዛል። እስቲ ደረጃ በደረጃ እንሂድ።

ደንበኛው የሚሄደው ወደሚገባበት ኩባንያ ነው፤ ወደሚለቀው አይደለም። ይህን ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። አስቀድሞ ወደ አሮጌው ሱቅ ሄዶ “መስመሬን ዝጉልኝ” ያለ ሰው ቁጥሩን በገዛ እጁ ጣለው፤ የተዘጋ ቁጥር አይዛወርምና። ከዚህ ማብራሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ አዲሱ ሲም በዚያው ቁጥር ጥሪ እስኪቀበል ድረስ አሮጌውን እንዳትዘጉ፣ እንዳትሰብሩ፣ ለልጅ መጫወቻም እንዳትሰጡ።

አዲሱ ኩባንያ መታወቂያችሁን አይቶ ማመልከቻውን ይመዘግባል፤ አዲስ ሲምም ይሰጣል። ከዚያ ለአሮጌው ኩባንያ ጥያቄ ይልካል። አሮጌው የሚያጣራው ጥቂት ነገር ነው፤ ቁጥሩ በእርግጥ የዚህ ሰው ነው ወይ? የተጠራቀመ ዕዳ አለበት ወይ? በስርቆት ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ የታገደ ነው ወይ? “ደንበኛዬን አልለቅም” ማለት ግን ምክንያት አይሆንም።

ማጣራቱ ካለቀ በተቀጠረው ሰዓት አሮጌው ሲም ይሞታል፣ አዲሱ ይነሣል። በመሃል ስልኩ ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከባንክ የምትጠብቁት የማረጋገጫ ኮድ ካለ ላይደርሳችሁ ይችላል፤ ስለዚህ በገበያ ቀን ወይም ገንዘብ በምትልኩበት ቀን አትጀምሩት።

ከመጋረጃው በስተጀርባ ምን እንደሚሆን ለማወቅ የምትፈልጉ ትኖራላችሁ። ቁጥር መዛወር ባልጀመረበት ጊዜ ደዋዩ 09 ሲጫን የኔትወርኩ ማሽን ምልክቱን ብቻ አይቶ ጥሪውን ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ይሰድደዋል። ቁጥር መዛወር ከጀመረ በኋላ ግን ምልክቱ አይታመንም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሁሉም ኩባንያዎች የሚያዩት አንድ የጋራ መዝገብ ይቋቋማል፤ የተዛወረ ቁጥር ሁሉ አሁን ያለበት ቤት እዚያ ይጻፋል። ጥሪው ከመሄዱ በፊት ማሽኑ መዝገቡን ይጠይቃል፤ ለዓይን ጥቅሻ በማይሞላ ጊዜ መልስ ያገኛል። ሕግ ከወጣ በኋላ እንኳ ሥራው ሊዘገይ የሚችለው ይህን መዝገብ ማቋቋምና ሁሉን ኩባንያ ከእሱ ጋር ማገናኘት ገንዘብም ስምምነትም ስለሚጠይቅ ነው።

አሁን ወንበሩን እንመልከት፤ ማለትም የማይዛወረውን። የተሞላ ካርድ አይዛወርም። የተገዛ ጥቅል አይዛወርም። በአሮጌው ሲም ላይ የተቀመጠ የስም ዝርዝርም እዚያው ይቀራል፤ አስቀድማችሁ ወደ ቀፎው ቅዱት። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ግን ገንዘቡ ነው። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮ ቴሌኮም አገልግሎት ነው፤ ኤምፔሳ ደግሞ የሳፋሪኮም ነው። ቁጥር ተሻገረ ማለት የገንዘብ ሣጥኑ ተሻገረ ማለት አይደለም። ስለዚህ ቁጥር የምታዛውሩበት ቀን ሲመጣ በቴሌብር ያለውን ወደ ባንክ አውጡ፤ የ“መላ” ወይም የ“እንደኪሴ” ብድር ካለባችሁም ዝጉ፤ ያልተመለሰው መጽሐፍ ይኸው ነውና።

ኬንያን ማየት ይጠቅማል። እዚያ ቁጥር ይዞ መሄድ በሚያዝያ 2011 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፤ የተዛወረው ሰው ግን እንደተጠበቀው ብዙ አልሆነም። ከምክንያቶቹ አንዱ ኤምፔሳ ነው፤ ከሳፋሪኮም የወጣ ሰው ቁጥሩን ይዞ ቢወጣም ኤምፔሳውን ጥሎ ይወጣል። የሚገርመው፣ ኬንያ ውስጥ ትልቁ ሳፋሪኮም ነው፣ እዚህ ደግሞ አዲስ ገቢው። ቁጥር ሲፈታ ብዙ ሊያጣ የሚችለው ትልቁ ነው፤ ሊጠቀም የሚችለው አዲሱ ነው። ስለዚህ አንዱ ኩባንያ “ለሕዝብ ስል” ቢላችሁ በጨዋታው ውስጥ የት እንደቆመ መጀመሪያ እዩ።

አሁን ወደ እኛ ችግር እንምጣ፤ እሱም ስም ነው። አንድ የሱሉላ ገበሬ እንውሰድ። ሱቅ ገብተው ልጅቷ ትጠይቃቸዋለች።

“አባቴ፣ ሲሙ በማን ስም ነው የወጣው?”

“ልጄ ነው ከደሴ ያመጣልኝ።”

“እሱስ አሁን የት አለ?”

“ሪያድ።”

ሥራው እዚህ ላይ ይቆማል። መዝገቡ ላይ ያለው ልጁ ነው፤ አባትየው ለዓመታት ቢናገሩበትም በመዝገቡ ዓይን ባዕድ ናቸው። መዝገብና መታወቂያ ካልገጠሙ መሸኛ የለም። የራስ ስም ሆኖም የማይገጥም ሞልቷል፤ መታወቂያው ላይ “ሙሐመድ”፣ መዝገቡ ላይ “መሀመድ” ተብሎ የተጻፈ በየቤቱ አለ። ኔትወርክ ለመቀየር ባታስቡም እንኳ ይህን ዛሬውኑ አስተካክሉ። ፋይዳችሁን ወይም የቀበሌ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ወደ ኩባንያው ሱቅ ሂዱና ሲሙ በማን ስም እንደሆነ ጠይቁ። ሲሙ ቢጠፋ እንኳ መልሶ የሚወጣው ለዚያ ስም ባለቤት ብቻ ነው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ቁጥር መዛወር በጀመረባቸው አገሮች ሌቦች የሰው ቁጥር ወደ ራሳቸው ሲም አዛውረው የባንክ ኮድ ተቀብለዋል። “ከቴሌ ነው የምደውለው፣ የመጣልህን ኮድ ንገረኝ” የሚል ድምፅ ስትሰሙ ዝጉት። ማመልከቻ ያላስገባ ሰው ኮድ አይነገረውም፣ አይጠየቅምም። ሱቅ ውስጥ የምትፈርሙትን ወረቀት ስለማንበብ ደግሞ ለውጫሌ አገር ሰው ምክር አያስፈልገውም።

ውጭ ያላችሁ ግን ቁጥር ማዛወር በእጃችሁ ነው። ሳዑዲ ከ2006 እ.ኤ.አ.፣ ኤምሬትስ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቁጥር ይዞ መሄድ ይፈቅዳሉ፤ አሠሪ ስትቀይሩ ወይም የረከሰ ጥቅል ስታገኙ ቁጥር መቀየር ግድ አይደለም። እንግሊዝ ያለ ሰው ወደ 65075 “ፓክ” የሚሉትን ሦስት የላቲን ፊደላት በመልእክት ይልካል፤ ለ30 ቀን የሚያገለግል ኮድ ይመጣለታል፤ ኮዱን ለአዲሱ ኩባንያ ሲሰጥ በማግስቱ የሥራ ቀን ይዛወራል። ከማንም ጋር ክርክር የለም። እኛም ዘንድ እንዲሆን የምመኘው ይኸንኑ ነው፤ ወረፋና “ነገ ና” የሌለበት።

እስከዚያው ድረስ ለሐይቅ ሰው መንገዱ ምንድነው? ሁለት ሲም ነው። አብዛኛው የገበያ ቀፎ ሁለት ሲም ይይዛል። የ09ኙ ለጥሪና ለባንክ በመጀመሪያው ቦታ ይቀመጥ፤ የ07ቱ ለኢንተርኔት ወይም ጥቅሉ ለረከሰበት ነገር በሁለተኛው። ሁለቱ ኩባንያዎች የተገናኙ ስለሆኑ ከ07 ወደ 09 መደወል ይቻላል። ቴሌግራምና ዋትስአፕ በ09 ቁጥር ተከፍተው በ07 ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ መተግበሪያው የሚጠይቀው ቁጥሩን እንጂ ኢንተርኔቱ ከየት እንደመጣ አይደለም። ይህን የማያውቅ ሰው በከንቱ አዲስ ቴሌግራም ይከፍታል።

ቀፎው አንድ ሲም ብቻ የሚይዝ ከሆነ ጥሪ ማዞር አለ። በአሮጌው ሲም *21* ብላችሁ፣ አዲሱን ቁጥር ጽፋችሁ፣ # ጨምራችሁ ትደውላላችሁ፤ ለማጥፋት ##21# ነው። ለተዞረው ጥሪ የሚከፍለው ያዞረው ሰው ስለሆነ አሮጌው መስመር ላይ ካርድ ይኑር። መልእክት ግን አይዞርም፤ የባንክ ኮድ አሮጌው ሲም ላይ ነው የሚመጣው። አሮጌውን ሲም ደግሞ ከሣጥን ሥር ጥላችሁ እንዳትረሱት፤ ብዙ ጊዜ ያልተሠራበት ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል። አልፎ አልፎ ካርድ ሙሉበት፣ ደውሉበት፣ በ*804# ቀሪ ሂሳቡን እዩ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ፈተና አለ፤ ምንም አይከብድም። አምባሰል ተራራማ ነው፤ ተራራው ማዶ ያለ ምሰሶ ለሸለቆው ሰው ምንም አይደለም። ሐይቅ ከተማ መሃል አራት መስመር ያሳየ ስልክ ቆላ ሲወርዱ ድምፁ ሊጠፋ ይችላል። የሌላውን ኩባንያ ሲም ያለው ጎረቤት ፈልጉ፤ ቤታችሁ ውስጥ፣ ማሳችሁ ላይ፣ ገበያው ላይ ይደውልበት። በሦስቱም ካልሠራ ቁጥር ማዛወር ምን ይረባችኋል?

ፈተናውን ካለፈ ወደሚገባበት ኩባንያ ሱቅ ሂዱ፤ ወይም ለኢትዮ ቴሌኮም በ994፣ ለሳፋሪኮም በ700 ደውሉና ይህን ጠይቁ፦ “የራሴን ቁጥር ይዤ መግባት እችላለሁ ወይስ አዲስ ቁጥር ነው የምትሰጡኝ?” አዲስ ቁጥር ነው ካሏችሁ ግዙት፣ በሁለተኛው ቦታ አስገቡት፤ የ09ኙን ግን እንዳትዘጉት።