ፈተና በዛ ማለት እድገት ቆመ ማለት አይደለም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እህቶች! ከመካከላችን አንዳንዶች ጥቂት ጊዜ ከተማሩና ካገለገሉ በኋላ ቀስ በቀስ ከጉባኤ ይርቃሉ። ምክንያቱን ስንጠይቃቸው፣ «እየተማርኩም ክፉ አሳብ አልተወኝም፤ እንግዲህ መዘመሬ ግብዝነት ነው» ይሉናል። ይህ አነጋገር ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን እርሱ ራሱ ከባድ ፈተና ነው። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን ሰኔ 24 ቀን የሚታሰበውን የአባ ሙሴ ጸሊምን ሕይወት እንመልከት።

አባ ሙሴ በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የኖረ ኢትዮጵያዊ ነው። አስቀድሞ የአንድ ሹም ባሪያ ነበር፤ በስርቆቱ ከተባረረ በኋላ የወንበዴዎች አለቃ ሆነ። ኋላም ንስሐ ገብቶ በአስቄጥስ በረሃ መነኮሰ።

ከመነኮሰ በኋላ ግን የዝሙት ጾር እጅግ ጸናበት። በበዓቱ መቀመጥ ስላቃተው ወደ አባ ኤስድሮስ ሄዶ ጭንቀቱን ነገረው። አባ ኤስድሮስ ወደ በዓቱ እንዲመለስ ቢመክረው አልችልም አለ። አረጋዊውም አልተቆጣውም፤ ወደ ሰገነት አወጣው እንጂ። በምዕራብ በኩል ለሰልፍ የተዘጋጁ አጋንንትን፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ እጅግ ብዙ መላእክትን አሳየው። የሚረዱት ከሚዋጉት እንደሚበልጡ ባየ ጊዜ ተጽናንቶ ወደ በዓቱ ተመለሰ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንማራለን።

1ኛ/ ጾሩ የጸናበት ከመነኮሰ በኋላ ነው። ጌታችንም የተፈተነው በዮርዳኖስ ከተጠመቀ በኋላ ነው (ማቴ. 4፥1-11)። ስለዚህ መፈተን ከእግዚአብሔር የመራቅ ምልክት አይደለም። የሚጎዳን የመጣውን አሳብ ተቀብለን ስናስተናግደው ነው።

2ኛ/ ሕመሙን አልሸሸገም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛም ሌሊት ብቻችንን ከእጅ ስልካችን ጋር ስንሆን የሚገጥመንን፣ ባልንጀሮቻችንም «አንድ ቀን ምን አለበት» ሲሉን የሚያሸንፈንን ለንስሐ አባታችን እንንገር። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና።

3ኛ/ ወደ በዓቱ ተመለሰ። ጾሩ በአንድ ቀን አልጠፋለትም፤ ለዓመታት ታገለ። ሆኖም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በሌሊት እየተነሣ ለአረጋውያን መነኮሳት ከሩቅ ውኃ ይቀዳላቸው ነበር። እንዲህ እያለ አደገ፤ ለቅስናም በቃ። አንድ ጊዜ በበደለ ወንድም ላይ ለመፍረድ ሲጠሩት የሚያፈስ ዕቃ ተሸክሞ መጣ። የእርሱ ኃጢአት ከኋላው እየፈሰሰ በሌላው ሊፈርድ እንደተጠራ ማሳየቱ ነበር። የታገለው ትግል ርኅራኄን አስተማረው። በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም ከሰባት ወንድሞች ጋር በሰማዕትነት ዐረፈ።

እንግዲህ የእኛ በዓት የትኛው ነው? ጸሎታችን፣ ጾማችን፣ ንስሐችን፣ ቅዱስ ቁርባን፣ የእሑድ ጉባኤያችን ነው። የተፈተነ ከዚህ አይውጣ፤ የወጣም ይመለስ። በጉባኤ ያለን ሁላችን ደግሞ የቀረውን ወንድም፣ የቀረችውን እህት ሳንነቅፍ በዚህ ሳምንት ሄደን እንጥራ። አባ ኤስድሮስ አባ ሙሴን በትዕግሥት ባይቀበለው ኖሮ ወደ በዓቱ ለመመለስ ማን ባበረታው ነበር?

የአባታችን የአባ ሙሴ ጸሊም በረከት በሁላችን ላይ ይደር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።