ደኑንና የደኑን ጎረቤት መጠበቅ



ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው፥ በአንዳንድ የባሕር ጠረፎች የማንግሮቭ ደን መጥፋት እጅግ አሳሳቢ መሆኑን አመልክተዋል። ማንግሮቭ በጨዋማ ውኃ ዳር ሥር ሰድዶ የሚበቅል ዛፍ ነው። ሥሮቹ የማዕበሉን ኃይል ያበርዳሉ፤ አፈሩን ይይዛሉ፤ ለዓሣ ጫጩቶችም መጠለያ ይሆናሉ። ስለዚህ ደኑ ሲጨፈጨፍ የዓሣ አጥማጁ ማዕድ ይጎድላል።

ቦሌ ለሚኖር ሰው ባሕሩ ሩቅ ነው፤ ነገሩ ግን ቅርብ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት አዲስ አበባ በማገዶ እጦት በተቸገረች ጊዜ፥ ስሙ እንደሚመሰክረው ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ለከተማይቱ መፍትሔ ሆነ። ተቈርጦ ከጉቶው መልሶ ያቈጠቍጣልና እንጦጦንና የካን አለበሰ። ለብዙ ዓመታትም ችግረኛ እናቶች፥ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ከኮረብታው እየወረዱ ልጆቻቸውን አሳድገዋል።

ይሁን እንጂ የረገፈው ቅጠል ሁሉ ተጠርጎ ሲወሰድ መሬቱ ይራቆታል። የክረምቱ ዝናብ አፈሩን ያጥባል፤ ጎርፉም በየጅረቱ ወደ ታላቁ አቃቂ፥ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። እንግዲህ በታች ያለው የቦሌ ነዋሪ ከላይ ያለው የየካ ኮረብታ ጎረቤት ነው።

ታዲያ ዘበኛ ማቆም ይበቃልን? አይበቃም። ለልጆቿ እራት ያጣች እናት ብትከለከልም ሌሊት ትገባለችና። በኤርትራ ጠረፍ፥ በሕርጊጎ፥ ዶክተር ጎርደን ሳቶ የተባሉ የሥነ ሕይወት ሊቅ የሠሩት ሥራ ትምህርት ይሰጠናል። የባሕሩ ውኃ ያልበቃቸውን ናይትሮጅን፥ ፎስፎረስና ብረት ለችግኞቹ እየጨመሩ ማንግሮቭ አስተከሉ፤ ቅጠሉም ለፍየልና ለበግ መኖ ሆነ። ደኑ ሕዝቡን ሲመግብ ሕዝቡም ደኑን የሚጠብቅበት ምክንያት ያገኛል።

በእኛም ዘንድ እንዲሁ ነው። በተራቆተው ቦታ ጽድና ወይራ መትከል መልካም ነው፤ ነገር ግን ማገዶ ተሸካሚዋ ሌላ መተዳደሪያ፥ ቤቷም ሌላ ማብሰያ ካላገኘ ችግኙ አይጸድቅም። የኦሪት ዘፍጥረት 2ኛው ምዕራፍ ለሰው ልጅ ማልማትንና መንከባከብን በአንድነት የሰጠው በከንቱ አይደለም። ያለ እንክብካቤ የሚያለማ ጉቶ ብቻ ያተርፋል፤ ድኻውን ረስቶ የሚንከባከብም ደኑን ጠባቂ ያሳጣዋል።

ለመምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሰበካችን ውስጥ ኑሮአቸው በማገዶ የተመሠረተ እነማን ናቸው? ችግራቸውን ከራሳቸው አንደበት ሰምተናልን?
2. ባለፈው ክረምት ከተከልናቸው ችግኞች ስንቶቹ ጸደቁ? ውኃ የሚያጠጣቸውስ ማን ነው?
3. ለአንዲት ማገዶ ተሸካሚ እናት ሌላ መተዳደሪያ ለማስገኘት ማኅበራችን ምን ሊያደርግ ይችላል?