የሰማውን እንደ ሰማ የጻፈ ሰው

ልጆች ሆይ፥ ተረት የሚፈልግ ሰው ወዴት ይሄዳል? ብዙ ሰው ወደ መጽሐፍ ይሄዳል። ነገር ግን ተረቱ ገና ሳይጻፍ፥ በሽማግሌዎችና በአሮጊቶች አፍ ብቻ በነበረበት ጊዜ፥ በየመንደሩ እየዞረ የለቀመ ሰው ነበረ። ዛሬ የምናነበው የዚህ ሰው ታሪክ ነው። የሚጠራውም ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በፈረንሳይ አገር በምዕራብ በኩል ወደ ባሕር ገብቶ የተዘረጋ ብሪታኝ የሚባል ምድር አለ። የዚያ ምድር ባላገር ከጥንት ጀምሮ ብሬቶን የሚባል የራሱ ቋንቋ አለው፤ ይህም ከፈረንሳይ ቋንቋ ፈጽሞ የተለየ ነው። በዚያ አገር ፕሉዋሬ በሚባል መንደር በ1821 ዓመት ፍራንሷ ማሪ ሉዜል የሚባል ልጅ ተወለደ። በብርድ ወራት፥ ሌሊቱ በሚረዝምበት ጊዜ፥ በወላጆቹ ቤት ሎሌዎችና ገረዶች፥ እንዝርት የሚያሾሩ ሴቶች፥ መንገደኞችና ለማኞችም ሳይቀሩ እሳቱን ከበው ይቀመጡ ነበር። ሴቶቹ እየፈተሉ፥ አንዱ ተረት ያወራል፥ ሌላው የጥንት ዘፈን ይዘፍናል። ልጁ ሉዜልም በመካከላቸው ተቀምጦ ይሰማ ነበር።

ያን ጊዜ ብሬቶን የሚናገር ሰው እንደ ደንቆሮ ይቈጠር ነበር። በብዙ ትምህርት ቤትም ይህን ቋንቋ ሲናገር የተገኘ ልጅ እንጨት ወይም አሮጌ የእንጨት ጫማ በአንገቱ ይንጠለጠልበት ነበር፤ እርሱም ሌላ ልጅ ሲናገር አግኝቶ እስኪያስተላልፈው ድረስ ተሸክሞት ይውላል። የእናቱን ቋንቋ በመናገሩ የሚያፍር ልጅ የአያቱን ተረት ወዴት ያኖረዋል? ሉዜል ይህን ያይ ነበርና ሽማግሌዎቹ ሳይሞቱ ቃላቸውን ሊጽፍ ቈረጠ።

ሬን በምትባል ከተማ ተማረ፤ ካደገም በኋላ አስተማሪም ሆነ፥ የጋዜጣ ጸሐፊም ሆነ። ልቡ ግን ሁልጊዜ ከተረቱ ዘንድ ነበረ። የመንግሥት የትምህርት ሚኒስቴርም ሥራውን አይቶ፥ እየዞረ እንዲሰበስብ ላከው። እርሱም ወደ ታላላቅ ሰዎች አልሄደም፤ ወደ ፈታዮች፥ ወደ ሸማኔዎች፥ ወደ ገረዶችና ወደ ለማኞች ሄደ እንጂ። የሚናገሩትን በራሳቸው ቋንቋ በብሬቶን ይጽፍ ነበር፤ ከዚህም በኋላ የተናጋሪውን ስም፥ መንደሩንና ዓመቱን ከሥሩ ያኖራል። አንድ ተረት ሁለት ሰዎች ለየብቻ ቢነግሩትና ነገሩ ባይስማማ፥ የዚህ ይበልጣል ብሎ አንዱን አይጥልም፤ ሁለቱንም ይጽፋል። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የሰማውን ሳያሳምር የሚናገር ሰው ጥቂት ነው።

ከነገሩት ሰዎች ሁሉ የምትበልጥ ማርጋሪት ፊሊፕ የምትባል ድኻ ሴት ነበረች። በ1837 ዓመት ተወለደች፤ በአገሯም ቋንቋ ማርሃሪት ፉሉፕ ይሏታል። ማንበብና መጻፍ አታውቅም ነበር። ኑሮዋም በመፍተልና በመሳለም ነበረ፤ ይኸውም፥ ታሞ መሄድ ያልቻለ ሰው ጥቂት ገንዘብ ይሰጣትና እርሷ በእግሯ ወደ ራቀው ጸበልና ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ስለ እርሱ ትጸልያለች። በየመንገዱ የሰማችውን ተረትና ዘፈን አትረሳም ነበር፤ ስለዚህ ልቧ እንደ ትልቅ መጽሐፍ ሆኖ ነበር።

ሉዜል ከጻፋቸው ተረቶች አንዱ እንዲህ ነው። የድኻ ልጅ የሆነች አንዲት እረኛ ነበረች፤ እንደ ፀሐይ የሚያበራ ልዑል መጥቶ አገባትና በብርሌ መስተዋት ወደ ተሠራ ቤተ መንግሥት ወሰዳት። ታናሽ ወንድሟም ሊጠይቃት ሄደ፤ ልዑሉንም በየቀኑ ወደሚሄድበት መንገድ ተከተለው። በመንገድም ሣር በሌለው፥ አሸዋ ብቻ በሆነ ሜዳ ላይ የሰቡ ላሞች አየ። ጥቂት አለፍ ብሎ ደግሞ ሣሩ እስከ ሆዳቸው በሚደርስ መስክ ላይ አጥንታቸው የወጣ ላሞች እርስ በርሳቸው ሲዋጉ አየ። ምክንያቱን ቢጠይቅ፥ የሰቡት ባላቸው ጥቂት ነገር እግዚአብሔርን ያመሰገኑ ድኾች ናቸው፥ የከሱትም ብዙ ሳላቸው ከቶ ያልጠገቡ ባለጠጎች ናቸው ብሎ ልዑሉ ነገረው። ይህን ስታነቡ የፈርዖን ሕልም ትዝ ይላችሁ ይሆናል፤ የዚያ ላሞች ግን ነገራቸው ሌላ ነው። ልጁም ወደ አገሩ ቢመለስ ጊዜው እጅግ ብዙ አልፎ ስለ ነበረ፥ የሚያውቀው አንድ ሰው እንኳ አላገኘም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንመጣለን። ሉዜል ገና ወጣት ሳለ በአገሩ እጅግ የታወቀ ባርዛዝ ብሬዝ የሚባል መጽሐፍ ነበረ። በ1839 ዓመት ያሳተመው ከመኳንንት ወገን የሆነ ቴዎዶር ኤርሳር ደ ላ ቪልማርኬ ነበረ፤ በውስጡም የብሬቶን ሕዝብ የጥንት ዘፈን ተጽፎበት ነበር። እጅግ ያማረ ስለ ሆነ ወደ ጀርመንና ወደ እንግሊዝ ቋንቋ ተተረጐመ፤ ሕዝቡን የናቁትም ማክበር ጀመሩ። ሉዜልም ይህን መጽሐፍ ይወደው ነበር። ነገር ግን እርሱ ራሱ ዞሮ ሲፈልግ፥ በመጽሐፉ እንደ ተጻፈው አድርጎ የሚዘፍን ሰው አጣ። ባላገሩ የሚዘፍነው አንዳንዱ ጐደሎ፥ አንዳንዱም የተደባለቀ ነው፤ የመጽሐፉ ግን ሁሉ የተስተካከለ ነው።

እንግዲህ ምን ያድርግ? ዝም ቢል ሰላም ነው፤ አገሩም በመጽሐፉ እየተከበረች ትኖራለች። ቢናገር ግን ከባለ ስም ሰው ጋር መጣላት ነው። ሉዜል መናገርን መረጠ። አስቀድሞ በ1868 ዓመት የራሱን የዘፈን መጽሐፍ፥ ጐደሎው እንደ ጐደለ፥ አሳተመ። በ1872 ዓመትም ሳን ብሪዮ በምትባል ከተማ በሊቃውንት ፊት ቆሞ፥ የላ ቪልማርኬ መጽሐፍ ከሕዝቡ አፍ እንደ ወጣ አይደለም ብሎ ተናገረ። ስለዚህ ነገር ታላቅ ክርክር ሆነ። ላ ቪልማርኬ ግን የጻፍሁበት ደብተር ይኸው ብሎ አላሳየም፤ ዝም አለ።

ሉዜል በ1881 ዓመት ካምፐር በምትባል ከተማ የጥንት ጽሑፍ ጠባቂ ሆኖ ተሾመ፤ በ1887 ዓመትም ተረቱን በፈረንሳይ ቋንቋ ተርጕሞ በሦስት መጽሐፍ አወጣ። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ዓመት በ1895 ሞቱ፤ ሉዜል በዓመቱ መጀመሪያ፥ ላ ቪልማርኬ በመጨረሻው።

ብዙ ጊዜም ካለፈ በኋላ፥ በ1964 ዓመት፥ ዶናትያን ሎራን የሚባል ሊቅ በላ ቪልማርኬ ዘሮች ዘንድ ተቀምጠው የቈዩትን ደብተሮች አገኘ። በመረመራቸውም ጊዜ ላ ቪልማርኬ ብዙውን ዘፈን በእውነት ከባላገር አፍ ሰምቶ እንደ ጻፈ ታወቀ። ሲያሳትመው ግን ቃሉን እንደ ለወጠ፥ የሌለውንም እንደ ጨመረ ደግሞ ታወቀ። እንግዲህ የሚከስሰው ሁሉ በነገሩ ሁሉ እውነተኛ አልነበረም። ላ ቪልማርኬ ደብተሩን በሕይወቱ ሳለ ቢያሳይ ኖሮ ያን ያህል ዓመት ሐሰተኛ ባልተባለም ነበር፤ እኔ ለዚህ ሰው አዝንለታለሁ።

ማርጋሪት ፊሊፕ ግን ከሁለቱም በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። በ1900 ዓመት ፍራንሷ ቫሌ የሚባል ሰው ፎኖግራፍ የሚባለውን አዲስ መሣሪያ ይዞ አዘፈናትና ድምፅዋን በሰም ላይ ቀረጸው። ሉዜል ከሞተ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። እርሷም በ1909 ዓመት እስክትሞት ድረስ ፊደል አልተማረችም።